የሳኦል ጥሩር ወይስ የእረኛ ወንጭፍ?

መካነ ሰላም ከሚያገለግሉ ወጣት ዘማሪዎቻችን አንዱ በኮምፒውተር መዝሙር ማቀናበር ሊጀምር ፈልጎ፣ «ፓስተር፣ ኤፍኤል ስቱዲዮን ለመግዛት በግ ላሽጥ?» አለኝ። እውነት ነው፣ የእርሱ ነጻ መሞከሪያ ያስቀመጡትን ሥራ መልሶ አይከፍትም። ባንድላብ ነጻ ነው፤ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ኤልኤምኤምኤስን መረጥንለት፤ ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድምፁን በኦዳሲቲ ይቀዳል፤ እርሱም ነጻ ነው።

በትዝታ አምስት ድምፆች ጀመረ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ባቲና አምባሰል ይከተላሉ፤ ሁለቱም የወሎ አገር ስሞች ናቸውና።

ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ያወለቀው ስላልለመደው ነው (1ኛ ሳሙ. 17፥39)። ጌታ የሚጠይቀን በእጃችን ያለውን ነው። በጉ ይቆይ፤ ዝማሬው ግን አይዘግይ።