የተፈረመ ሁሉ አይጸናም

በአምቦ ከተማ፣ በሁሉቃ ወንዝ አጠገብ፣ ከግቢዬ ጓሮ ሁለት ክፍል ቤት አከራያለሁ። በ2010 ዓ.ም. አንድ ወጣት መምህር ለስድስት ወር ተዋዋለኝ። የውሉን ቃል ከጎረቤት ወረቀት ገልብጬ ጻፍሁት። በውስጡም «ኪራዩ አንድ ቀን ቢያልፍ ውሉ ይፈርሳል፤ ተከራዩም በዚያው ዕለት ቤቱን ይለቃል» የሚል ነበረበት። እርሱ ተቸግሮ ፈረመ፤ እኔም ሳላስብ ተቀበልሁ።

በአራተኛው ወር ደመወዙ ዘገየ። ኪራዩ ባለፈ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጓሮ ብወጣ፣ ሚስቱ ጨቅላ ልጇን ታቅፋ በደጃፍ ተቀምጣለች፤ እርሱም ፍራሹን በገመድ ያስራል።

«ምነው ልጄ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ፈርሜአለሁና ልውጣልዎ» አለኝ።

እኔ ገና አንዲት ቃል አልተናገርሁም ነበር፤ ወረቀቱ ግን ቀድሞኝ አስወጥቶታል።

«ቆየኝ» ብዬ ሕግ ወደሚያውቅ ዘመዴ ሄድሁ። እርሱም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን ገልጦ አስረዳኝ። በዚያን ጊዜ በዚህ ሕግ መሠረት ኪራይ ሲዘገይ አከራዩ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ እንደ ሆነ 30፣ ካነሰም 15 ቀን ይሰጥ ነበር። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር፣ ወይም ውሉን ወዲያው የሚያፈርስ ቃል ግን ቢፈረምበትም አይጸናም ነበር።

ተመልሼ ያን ቃል በፊቱ ሰረዝሁት። ሳምንት ሳይሞላ ኪራዩን አመጣልኝ።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ያ ቃል በዳኛ ፊት ባዶ ነበር፤ ሆኖም አንዲት እናትን ከነልጇ ከደጅ አስቀምጧል። እንግዲህ አከራይም ተከራይም ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ።