ከጎርጎራ ወደ መገጭ በጀልባ

ጎንደር ያደገች ሴት ወንዝን የምታውቀው በእንስራና በልብስ አጠባ ነው። ቀሀም ሆነ አንገረብ ጀልባ የሚሸከሙ አይደሉም፤ በበጋ ሕፃን ይሻገራቸዋል፤ በክረምት ጎርፋቸው ከብት ይወስዳል። ስለዚህ አንዲት ባልደረባችን ቡና ስንጠጣ «በጀልባ ወንዝ ለወንዝ ብንሄድስ?» ስትል የሳቅነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሆኖም መንገዱን የሚያሳዩት እነዚሁ ወንዞቻችን ናቸው። ቀሀና አንገረብ ከከተማው በታች ውኃቸውን ለመገጭ ያስረክባሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ እየተጠማዘዘ አቋርጦ ጣና ይገባል። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የቀሀ ውኃ እንኳ በዓሉ ሲያልፍ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

በጥር 2010 ዓ.ም. የበዓሉ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ አምስት ሆነን ተነሣን፤ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛና እኔ። ገንዘቡን ሦስት ወር ከደመወዛችን እያዋጣን አጠራቀምን። ልጆቹን ለአባቶቻቸው ተውን። ሽሮ አሙቆ ማብላት ያቃተው አባት አልተገኘም፤ ይህን የምጽፈው ለሚጠራጠሩ እኅቶች ነው።

ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቆላ ድባ በኩል ትገኛለች። ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፤ ነዳጁና ባለጀልባው የሚጠብቃችሁ ሰዓት በዋጋው ውስጥ መሆኑንም ጠይቁ። ከዋጋው የሚበልጠው ግን የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ለእኛ የቀረበልን አራት ነበር። «አንዷ መሀል ትቀመጥ» ተባልን። ነርሷ ጓደኛችን ከወደቡ ድንጋይ እግሯን አላነሣችም፤ አምስተኛው ጃኬት እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ከአምስታችን ዋና የምታውቅ አንዲት ብቻ ነበረች።

ማልዶ መነሣት ይበጃል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቅ በሚባልበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውኃው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ግን እንደ መስተዋት ነው። የሐይቁን ዳር ይዘን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ታንኳዎች አጋጠሙን። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ሲሆን በዚህ ሙያ ነገደ ወይጦዎች የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከውኃ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ያም ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ በአዲስ ይተካል።

መገጭ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት ስንደርስ ግራና ቀኙ ሣርና ደንገል ነበር። ከፊታችን ያለውን ወንዝ መታጠፊያው ይሸፍነዋል። የራሳችንን ወንዝ በጀልባ ልንገባበት ነውና እልል ለማለት ምንም አልቀረንም። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ አጓርቶ ቆመ። ውኃው ላይ የተነጠፈው አረንጓዴ ሁሉ እምቦጭ ነበር። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ አንዷ ለሳሎኗ ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ ባለጀልባው «እት ዓለም፣ እሱን ወደ ቤትሽ አታግቢው» አላት።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀብሮ ይቆያል። የሚመግበው ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው አፈር፣ ከእርሻ የሚመጣው ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚፈሰው ቆሻሻ ነው። በቀሀ ዳር የምንደፋው የልብስ እጣቢና ከየሰፈሩ ቦይ የሚወርደው ሁሉ መድረሻው ይህ መታጠፊያ መሆኑን እዚያ ቁጭ ብለን አየን። ባለጀልባው ሦስት ጊዜ ሞተሩን ከውኃ አውጥቶ፣ የተጠመጠመውን ሥር በቢላዋ ቆረጠ። በአራተኛው «በቃ» ብሎ ጀልባዋን መለሰ። አጠገባችን ያሉ ዓሣ አጥማጆች ግን መመለሻ አልነበራቸውም፤ በረጅም እንጨት እየገፉ ገቡ። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት ሽቅብ ከሚወጡባቸው ወንዞች አንዱ መገጭ ነውና፣ ወንዙ ሲዘጋ የሚጎዳው እንጀራቸው ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ አረሙን በእጁ ነቅሏል፤ ተክሉ ግን ከሐይቁ ጨርሶ አልጠፋም።

ልጆች ይዛችሁ ብትሄዱ በረጋው የሐይቅ ዳር ባዶ እግራቸውን አይቁሙ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ሆኗል።

እኛ የቀረንን ሰዓት በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም የጥንት ሥዕሎችን በማየት አሳለፍን። ሴቶች መግባት ይችላሉ። ወደ ደሴቶቹ ለመሻገር የምታስቡ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብሎ ባልንና ወንድምን መጠበቅ ነው። በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ ግን ያስገባል። ያሠራችውም እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ ቁስቋምን በጎንደር ያሠራችው ያችው ሴት። መዋጮውን ለእሱ እንደገና ጀምረናል፤ አምስት ጃኬትም ከአሁኑ ጠይቀናል።