የቆመው ምስልና የሚሽከረከረው ጎማ፦ የሞተር ብስክሌት ትርኢትን ፎቶግራፍ ስለማንሣት

በአየር ላይ ተገልብጦ የቆመ ሞተር ብስክሌት፣ እጆቹን ከመሪው ለቅቆ የተዘረጋ ነጂ፣ ከበስተጀርባው ጥርት ያለ ሰማይ፤ የሞተር ብስክሌት ትርኢት ፎቶግራፍ በአብዛኛው የሚታወቀው በዚህ መልኩ ነው። ከጎማው የተፈናጠረው አፈር እንኳ ሳይቀር በቦታው ረግቶ ይታያል። ተመልካቹ የሚያደንቀው የነጂውን ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ዐይን ሊይዘው ያልቻለውን ቅጽበት ካሜራው ይዞ ማስቀረቱንም ጭምር ነው። ይሁንና ሁሉን ነገር ያቆመ ምስል ስለ እንቅስቃሴው ምን ያህል ይናገራል? ጥያቄው የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የስፖርት ሳይንስን ለሚያጠናም ሆነ የአደጋን መንሥኤ ለሚመረምር፣ ፎቶግራፍን እንደ ማስረጃ ለሚይዝ ሁሉ፣ መልሱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

እንቅስቃሴን በምስል የማቆም ሙከራ ሲጀመርም ዓላማው ማስረጃ ማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ፣ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ፣ በሚጋልብ ፈረስ ሩጫ ውስጥ አራቱም ኮቴዎች በአንድነት ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩን አሳየ። ያም ቅጽበት ሠዓሊዎች ይሥሉት እንደነበረው እግሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘረጉ ሳይሆን ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የመዝጊያው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እውነቱ ይበልጥ ይጠራል የሚለው እምነት በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ሥር ሰደደ። ነገር ግን የማይብሪጅ ምስሎች ማስረጃ የሆኑት ጥርት ስላሉ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ምስል ከእርሱ በፊትና በኋላ ከተነሡት ጋር ተሰልፎ ስለቀረበም ነው። ለብቻው ተነጥሎ የሚታተም የትርኢት ፎቶግራፍ ይህ ድጋፍ የለውም፤ የሚናገረውን ሁሉ በራሱ መናገር አለበት።

በመጀመሪያ «ማቆም» የሚለው ቃል ራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል። አንድ ነጂ በአየር ላይ ሳለ ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ከጎን ቢያነሣው፣ መዝጊያው ለ1/60 ሰከንድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነጂው ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በ1/1000 ሰከንድ 1 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/4000 ሰከንድ ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር። ምስሉ 4 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ በ6000 ፒክስል የሚይዝ ከሆነ፣ በ1/1000 ሰከንድ የታየችው አንዲት ሳንቲ ሜትር 15 ፒክስል ያህል ትደበዝዛለች። በትንሽ ኅትመት ላይ ቆሞ የሚታየው ነጂ፣ ምስሉ ሲጎላ ሲንቀሳቀስ ይገኛል። ስለዚህ ፍጹም የቆመ ምስል የለም፤ ያለው ለታሰበለት የኅትመት መጠን በበቂ ሁኔታ የቆመ ምስል ነው።

ተፈጥሮ ራሷም ለፎቶግራፍ አንሺው የምታግዝበት ጊዜ አለ። ነጂው የዝላዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ የሚወስደው ፍጥነት ዜሮ ይሆናል። ከዚያች ነጥብ በፊት ባለው አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ የሚወጣው፣ ከእርሷም በኋላ ባለው አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ የሚወርደው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ከነጂው ጋር እኩል እያዞረ ቢከተለው የወደ ፊቱም እንቅስቃሴ በአብዛኛው ይጣፋል። በዚህ ዘዴ ከሆነ የነጂውን ገጽታና የሞተሩን አካል ጥርት አድርጎ ለመያዝ 1/500 ሰከንድ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ 1/4000 ላይ መድረስ የግድ አይደለም።

ዋናው ጉዳይ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ፍጥነቶች መካከል የሚጠፋው ነገር ጎማው ነውና። ነጂው ከመንደርደሪያው የተነሣው በሰከንድ 15 ሜትር ፍጥነት ቢሆን፣ የጎማው ዙሪያ አየር ላይም በዚያው ፍጥነት መሽከርከሩን ይቀጥላል። በ1/500 ሰከንድ 3 ሳንቲ ሜትር ስለሚዞር፣ ከቸርኬው አጠገብ ያሉት ሽቦዎች ተዋሕደው ይደበዝዛሉ። በ1/4000 ሰከንድ ግን የሚዞረው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ጎማውም በመደብር መስኮት ውስጥ እንደቆመ ሞተር ጎማ ይመስላል።

ይህ ልዩነት ተራ አይደለም። እግሩ ከመሬት የለቀቀ ነጂ የሞተሩን አቅጣጫ የሚያርመው በሰውነቱ ክብደትና በኋላው ጎማ ነው። ጋዝ ሲሰጥ የኋላው ጎማ ይፈጥናል፤ የሞተሩ አካልም በተቃራኒው ለመዞር ስለሚገደድ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል። ፍሪሲዮን ይዞ የኋላውን ፍሬን ሲረግጥ ደግሞ ጎማው ይቆማል፤ የነበረው ሽክርክሪት ወደ ሞተሩ አካል ይተላለፍና አፍንጫው ወደ ታች ይወርዳል። በ1/500 ሰከንድ በተነሣ ምስል ላይ የፊተኛው ጎማ ደብዝዞ የኋለኛው ሽቦዎች ጥርት ብለው ከታዩ፣ ተመልካቹ ነጂው በዚያች ቅጽበት ፍሬን እንደያዘ ያውቃል። በ1/4000 ሰከንድ በተነሣው ግን ሁለቱም ጎማዎች የቆሙ ስለሚመስሉ ምልክቱ ይጠፋል። ይበልጥ «ጥርት ያለው» ምስል ስለ ነጂው ሥራ የሚነግረን ያነሰ ነው።

በምሽት መድረኮች ላይ ደግሞ እንቅስቃሴን የሚያቆመው መዝጊያው ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ሃሮልድ ኤጀርተን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአጫጭር የብርሃን ብልጭታዎች እንዳሳየው፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ነገር የሚታየው ብርሃኑ በበራበት ቅጽበት ብቻ ነው። መዝጊያው ከብልጭታው አልፎ ክፍት ከቆየ ግን የመድረኩ መብራት የእንቅስቃሴውን ዱካ ይጨምርበታል። ፍላሹ መዝጊያው እንደተከፈተ ከበራ ዱካው ከሞተሩ ፊት ይወድቃል፤ ሞተሩም ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ሊዘጋ ሲል ከበራ ዱካው ከኋላው ይከተላል። አንድ ዓይነት ዝላይ፣ አንድ ዓይነት ካሜራ፣ የብርሃኑ ሰዓት ብቻ ተለውጦ ሁለት ተቃራኒ ታሪኮች ይነገራሉ።

ቅጽበቷን መምረጥም ከዚህ ያልተናነሰ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1967 ኢቭል ክኒቭል በላስ ቬጋስ፣ ከሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ፊት ለፊት ያሉትን ፏፏቴዎች 43 ሜትር ያህል ዘለለ። ነጭ ልብሱን እንደለበሰ በአየር ላይ የተነሣበት ምስል የድል ምስል ይመስላል። ሲያርፍ ግን ሞተሩ ከእጁ አመለጠ፤ እርሱም ተከስክሶ ክፉኛ ተጎዳ። ይህን ያስቀረው በስፍራው የተቀረጸው ተንቀሳቃሽ ፊልም ነው። ከመውደቁ በፊት የነበረችው ቅጽበት፣ ብቻዋን ስትታይ፣ በሰላም ካረፈ ነጂ ቅጽበት አትለይም። የዝላይ ጫፍ ለፎቶግራፍ አመቺ የሆነበት ምክንያት፣ ማለትም እርጋታው፣ ስለ አደጋው ዝም የሚልበትም ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ፈጣን መዝጊያ ይቅር የሚል አይደለም። የእጅ አያያዝን፣ የራስ ቁርን አቀማመጥ፣ የሰውነትን ማዕዘን ለሚመረምር 1/4000 ሰከንድ ተገቢ መሣሪያ ነው። ነገር ግን መዝጊያን መምረጥ የትኛው ማስረጃ እንዲቀርና የትኛው እንዲጠፋ መወሰን ነው፤ ውሳኔውም ከምስሉ ጋር ሊነገር ይገባዋል። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ የሚገባ የእንቅስቃሴ ፎቶግራፍ የመዝጊያው ፍጥነት፣ ካሜራው ነጂውን እየተከተለ መሆን አለመሆኑና ፍላሽ መጠቀም አለመጠቀሙ ከሥሩ ቢጻፍለት፣ በተከታታይ ከተነሡትም ውስጥ የቀደመውና የተከተለው ምስል አብረው ቢቀመጡ፣ አንባቢው የቆመውን ከቆመ ከሚመስለው ለመለየት ይችላል። የነጂው ሥራ በጎማው ላይ ተጽፏል፤ ጎማውን እንዳይናገር ያደረገ ሰው ቢያንስ ይህን ማድረጉን ሊያሳውቅ ይገባል።