ሁለት ሌሊት በላንጋኖ ዳር

አንባቢ ሆይ፤ ከዓመት እስከ ዓመት ከቤት ወደ ቢሮ፥ ከቢሮ ወደ ቤት ሲመላለሱ የሚኖሩ እንደ ሆነ፥ ወይም ፈተና በፈተና ላይ ተደራርቦብዎ ዓይንዎን ከደብተር ማንሣት ያቃተዎ ተማሪ እንደ ሆኑ፥ ዛሬ አብረውኝ ወደ ላንጋኖ እንዲወርዱ እጋብዝዎታለሁ። «ለሽርሽር የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ብለው አይጨነቁ። እኔም ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው አስተማሪ ነኝ። የሄድነው ወጪውን ለሦስት ተካፍለን፥ ድንኳን ተውሰን፥ ስንቃችንን ከየቤታችን ቋጥረን ነው።

ተጓዦቹ አራት ነበርን። እኔ፤ አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የሚሠራ አብሮ አደጋችን፤ አራተኛው የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። የዚህን ልጅ ነገር በልብዎ ይያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መንገዱ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፍና መቂን፥ ብዙ ሰው ዛሬም ዝዋይ የሚላትን ባቱን፥ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፎ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ በስተግራ በኩል በግራር ዛፎች መካከል ሐይቁ ብልጭ ይላል። በስተቀኝ ያለው ደግሞ የአብያታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ሐይቁን በፖስት ካርድ ላይ እንደሚታየው ሰማያዊ ሆኖ አገኘዋለሁ ብለው ከሄዱ ግን ይገረማሉ። የላንጋኖ ውሃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ቆሽሾ አይደለም፤ እጅግ የላመ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቀርና ወደ ታች ስለማይዘቅጥ ነው። ዛሬ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ ብለን ለየብቻ የምንጠራቸው ሐይቆች ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበሩ የመሬት ጥናት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ከእነዚህ ሻላ 266 ሜትር ያህል ይጠልቃል። የላንጋኖ ትርፍ ውሃ በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይፈሳል፤ ነገር ግን አብያታ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ እየሸሸ ሄዷል። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ በካርታ ላይ በጠመኔ እያመለከትሁ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! እግሬን ውሃው ዳር ሳቆም ግን ገና ዛሬ የሰማሁት መሰለኝ።

የሰፈርንበት ቦታ አነስተኛ ነው፤ ጥቂት ግራሮች፥ ለእሳት የተደረደሩ ድንጋዮች፥ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ። ሽማግሌው ድንኳኑን ስንተክል አይተው «ልጆቼ፥ በሩን ወደ ሐይቁ አታዙሩት» አሉን። እኛ ግን ከአልጋችን ሆነን ውሃውን ለማየት ስለ ጓጓን ፈገግ ብለን ዝም አልን። ሌሊት ነፋሱ በበሩ ገብቶ ድንኳኑን እንደ ፊኛ ነፋው፤ ካስማዎቹ ተነቀሉ፤ እኛም በጨለማ ሸራ እየጎተትን፥ የጅብ ጩኸት እያዳመጥን አነጋን። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር፤ አልተማርንበትም እንጂ።

በማግሥቱ ጀልባ ተከራየን። ባለ ጀልባው በአባታችን ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። «ከቀትር በኋላ የሐይቁ ጌታ ነፋሱ ነው። ከዚያ በፊት እንመለሳለን» ብለው ለያንዳንዳችን ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አደሉን። ጓደኛዬ ዋናተኛ ሲሆን ወዲያው ለበሰ። አብሮ አደጋችንም ለበሰ። እኔ ግን «ይሞቃል» ብዬ አጥፌ ተቀመጥሁበት።

አንባቢ ሆይ፤ እውነቱን ልንገርዎ። ሙቀቱ ምክንያት አልነበረም። ዋና አልችልም፤ ይህንንም ተማሪዬ እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ልጁ ጃኬቱን ለብሶ ነበር። እኔን አየኝ፤ ከዚያም ፈታና እንደ እኔ አጥፎ ተቀመጠበት። አየሁት፤ ግን አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

ጉዞው እንዴት ያምር ነበር! መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ ከሚሰማው በቀር ጸጥታ ነው። በስተምሥራቅ የአርሲ ተራሮች ቆመዋል፤ ዓሣ አዳኝ ወፎች ከላያችን ይዞራሉ። ባለ ጀልባው እንመለስ ሲሉ፥ «አንድ ፎቶግራፍ ብቻ» እያልን ወደ መካከል አስገፋናቸው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

ነፋሱ ሲመጣ አላስጠነቀቀም። በመጀመሪያ ውሃው ተሸበሸበ፤ ጥቂት ቆይቶ ማዕበሉ ከጀልባው አፍ እኩል ሆነ። ውሃ ገባ። አብሮ አደጋችን በጣሳ እየቀዳ ያፈሳል፤ ጓደኛዬ ከሽማግሌው ጋር ይቀዝፋል። ልጁ በሁለት እጁ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ፥ ከንፈሩ ዐመድ መስሎ እኔን ይመለከታል። ጃኬቱን ልበስ ልለው ስል ጀልባው አጋደለ፤ የእርሱ ጃኬት ከሥሩ ሾልኮ ወደ ሐይቁ ሄደ። የእኔን አውጥቼ በሚንቀጠቀጥ እጄ አለበስሁት። ከዚያ በኋላ ማድረግ የቻልሁት መጸለይ ብቻ ነበር። ባለ ጀልባው ጀልባዋን ፊቷን ወደ ማዕበሉ እያዞሩ፥ ጥቂት በጥቂት ወደ ዳር አደረሱን። አልተቆጡንም። የጠፋውን ጃኬት ዋጋ ስንሰጣቸው እንኳ «ልጁ ይበልጣል» ብቻ አሉ።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ልጁ፥ «መምህር፥ እኔ ዋና አልችልም። እርስዎ ሳይለብሱ ሳይ የማያስፈልግ መስሎኝ ነው» አለኝ።

ለዚህ ምን ይመለሳል? ከማን አንሼ በማለቴ የሰው ልጅ ላስጠፋ ነበር። «እኔም አልችልም፤ አፍሬ ነው» አልሁት። ትንሽ ዝም አለና ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። የአስተማሪነት ሥራዬን በጠመኔና በመጽሐፍ ብቻ የምሠራ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ልጆች የሚያነቡን ዝም ባልንበት ሰዓት ነው።

በሁለተኛው ማለዳ ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ሳለ ጓደኛዬ ሁለታችንን ውሃው እስከ ወገብ በሚደርስበት ቦታ አቁሞ መንሳፈፍ አስተማረን። እኔ በ26 ዓመቴ፥ ተማሪዬ በ16 ዓመቱ፥ አንድ ክፍል ገባን ማለት ነው። ደረጃ የወጣው እርሱ ነው።

እንግዲህ ለመሄድ ካሰቡ ጥቂት ምክር ልስጥ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቁ። የወባ አገር ነውና አጎበር አይርሱ፤ የሚጠጣ ውሃም ይዘው ይሂዱ። የድንኳኑን ጀርባ ለነፋሱ ይስጡ፤ ካስማውን አጥብቀው ይምቱ። ለማገዶ ግራር አይቁረጡ፤ የጣሉትንም ሁሉ ሰብስበው ይመለሱ። በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ በማለዳ ይሁን፤ ዋና ቢችሉም ባይችሉም ጃኬቱን ይልበሱ፤ ባለ ጀልባው ተመለሱ ሲሉ ይመለሱ።

ከሁሉ በላይ ግን፥ አንድ ታናሽ አብሮዎ ካለ፥ ዓይኑ በእርስዎ ላይ መሆኑን አይዘንጉ። መልካም ጉዞ።