የቡቺ ጆሮ

ሌሊት ሌሊት የቆርቆሮ አጥራችንን የሚደበድብ ሰው ያለ ይመስል ነበር። ድም፣ ድም፣ ድም ይልና ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሌሊት አያቴ ባትሪ ይዛ ወጣች፤ ስትመለስ «ሌባም ጅብም አይደለም፤ ቡቺ ነው፣ እያከከ ነው» አለችን። አጥሩን ተደግፎ ተቀምጦ በኋላ እግሩ ጆሮውን ሲያክ ጉልበቱ ነበር ቆርቆሮውን የሚመታው።

መስከረም 2004 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከጉራራ ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሳይርቅ ነበር። እዚያ ሰፈር ውሻ ለጌጥ አይያዝም። ሲመሽ ከእንጦጦ ጅብ ይወርዳል፤ ቆሻሻ የሚጣልበት ቦይ ድረስ ይመጣል። ግቢው ውስጥ ሁለት በግ ያሰረች አያት ያለ ውሻ እንቅልፍ አይወስዳትም። ቡቺ ተራ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ዳማ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ እንጨት ተሸክመው ከጋራው የሚወርዱትን እናቶች አንድም ቀን ጮኾባቸው የማያውቅ፤ እንግዳ ወንድ ግን በበሩ የማያሳልፍ።

በጥቅምት ፀጉሩ ረገፈ። መጀመሪያ የጆሮው ጫፍ፣ ቀጥሎ ክርኑ፣ ከዚያ ሆዱ። ጆሮው ጠርዝ ላይ እንደ ደረቀ ሊጥ የሚፈረፈር ቅርፊት ያዘ። ቆዳው ወፈረ፤ ሽታም አመጣ።

ጋራዥ የሚሠራ ጎረቤታችን የተቃጠለ ዘይት በሃይላንድ ሞልቶ አመጣልን። «ሁለት ቀን አይፈጅም፣ ይደርቃል» አለ። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው። ያን ሌሊት ቡቺ ዘይቱን ሲልስ አድሮ ጠዋት አስመለሰው። በዘይት የራሰ ፀጉር ሙቀት አይይዝም፤ የጥቅምት ብርድ ደግሞ እዚያ ላይ የሚቀለድበት አይደለም። ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። በሞቀ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤ ጋቢዬን አለበስኩት። ዛሬም የሞተር ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ያ ጠዋት ፊቴ ድቅን ይላል።

ቀጥሎ ቤት ለቤት እየዞረ ከብት የሚወጋ ሰው ተጠራ። ቡቺን ከሩቅ አየው፣ ወጋው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። እኛም ደስ አለን፤ ቡቺ በማግስቱ ማከኩን ተወ። አምስት ሌሊት አጥሩ ዝም አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ፊቱ ሳይቀር ተላጠ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ መርፌው ማሳከክን የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ሳይሆን አልቀረም። ስቴሮይድ ማሳከኩን ሲያበርድ የሰውነትንም መከላከያ ያዳክማል፤ እከክ ላለበት እንስሳ ብቻውን ሲሰጥ ተባዩ ያለ ከልካይ ይራባል።

ከዚያ በኋላ ቡቺን ከቤቱ ጀርባ አሰርነው። ልጆች «እከካም» እያሉ ድንጋይ ይወረውሩበት ጀመር። አንዲት ጎረቤት ለአያቴ፣ «ለምን ታሠቃዩታላችሁ፤ መርዝ ሲጣል ፍቱትና ይገላገል» አለቻት። በዚያን ጊዜ በከተማው ለባዘኑ ውሾች መርዝ የተነከረ ሥጋ ይጣል ነበር፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በየቦዩ ዳር ተጋድመው እናያቸዋለን። አያቴ መልስ አልሰጠቻትም። ማታ ግን ለብቻዋ ከጀርባ ሄዳ አጠገቡ ተቀምጣ አየኋት።

ያዳነን የእኛው ማሳከክ ነው። እኔን ክንዴ ላይ፣ አያቴን መቀነቷን የምታስርበት ወገቧ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጣብን። ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ክንዴን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «ቤታችሁ የሚያክ እንስሳ አለ?» አለችኝ። ስለ ቡቺ ነገርኳት። «እንግዲያው እሱን አሳክሙ፤ የውሻ እከክ ሰው ላይ አይራባም፣ ምንጩ ሲደርቅ የእናንተም ይጠፋል» አለች።

በማግስቱ ቡቺን በገመድ ይዘን ወደ መገናኛ አቅጣጫ ወረድን፤ ታክሲ የሚጭነን ስላልነበረ በእግር። የእንስሳት ሐኪሙ ቢሾፍቱ ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። መርፌ ከማንሳቱ በፊት ረዥም ጊዜ ጠየቀን። ማከኩ ነው የቀደመው ወይስ የፀጉሩ መርገፍ? ምን ይበላል? ሌላ እንስሳ አለ? ሰውስ ያሳክከዋል? ምን ቀባችሁት? የመጨረሻውን ስመልስ አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጣኝም።

«እማማ፣ የት ቦታ እንደሚያክ ማየት ግማሽ መልስ ነው» አላት አያቴን። ጭራው ሥር ከሆነ ቁንጫ ይጠረጠራል። መዳፉን እየላሰ ፊቱንና ብብቱን የሚያክ ከሆነ የአለርጂ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የምግብ አለርጂ መሆኑን ለመለየት ደግሞ በልቶት በማያውቀው ምግብ ብቻ ስምንት ሳምንት ያህል ማቆየትን ይጠይቃል። ክብ ሆኖ የሚመለጥ ከሆነ ጭርት ነው ወይ ይባላል። የጆሮ ጠርዝና ክርን ሲሆን ግን እከክ ቀድሞ ይታሰባል።

ከዚያ የቡቺን ጆሮ ጠርዝ አጥፎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ፈተግ ፈተግ አደረገው። የቡቺ የኋላ እግር ወዲያው ተነሥቶ አየሩን ማከክ ጀመረ። ሐኪሙ ተወት ሲያደርግ እግሩ ይቆማል፣ ሲፈትግ ይነሣል። አያቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ምላጭ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጎ የክርኑን ቅርፊት ደም ጠብ እስኪል ፋቀ፣ የፋቀውን ስስ መስታወት ላይ ለቀለቀ፣ ማይክሮስኮፑን አስተካክሎ «ነይ እይ» አለኝ። ክብ፣ እንደ ውኃ የጠራ፣ አጫጭር ስምንት እግር ያለው ነገር በቅርፊቱ መሐል እየተንፏቀቀ ነበር። የመዥገር ዘመድ ነው። ሴቷ ቆዳ ውስጥ ዋሻ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከእንቁላል ተነሥቶ ለአቅመ መራባት እስኪደርስ ሦስት ሳምንት አይሞላውም። «ብዙ ጊዜ ተፍቆም አይገኝም» አለኝ፤ «ዛሬ ባላገኘውም ጆሮው ስለመሰከረ አክመው ነበር።»

ቡቺን አቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ቀጥሎ ብቻዬን። ልዩነቱ 17 ኪሎ። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነበር፤ ለበግና ለከብት የሚወጋው፣ ለውሻ በግምት ከተሰጠ ግን የሚጎዳው። አንዳንድ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ኮሊ የሚባሉት የበግ ጠባቂ ውሾች፣ በቀላሉ ይመረዙበታል። በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ተወጋ። በከፋና በጅማ በኩል ወንዝ ዳር ባለች ዝንብ የሚመጣው፣ ሰውን በማሳከክ እንቅልፍ የሚነሣው በሽታ የሚታከመውም በዚሁ መድኃኒት እንደሆነ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ መድኃኒቱ የተገኘበትን ሥራ የሠሩት ካምቤልና ኦሙራ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ዜናውን በሬዲዮ ሰማሁ፤ እኔ ያሰብኩት ቡቺን ነው።

አያቴ «እኔ ድኝ በቅቤ ለውሼ ልቀባው ነበር፣ ከለከሉኝ እንጂ» አለችው። ሐኪሙም «እማማ፣ ልክ ነበሩ፤ ድኝ የእከክን ተባይ ይገድላል፣ ለሰው እከክም ይሠራል» አላት። እስከ ቤታችን ዳገቱን ስንወጣ ይህን ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ፤ ቢደገምም የሚገባት ነበር።

ሐኪሙ ድመታችንን እንድናይ ነግሮን ስለነበር፣ ማታ ውሮን የረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ አበጠርኳት። ጥቁር አፈር የሚመስል ነገር ረገፈ። ሶፍቱ ላይ ሲርስ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆነ፤ ቁንጫ የጠጣው ደም ነው። ለካ እሷ ዘንድ ያለው ሌላ ነበር። አንድ ቤት፣ ሁለት እንስሳ፣ ሁለት የተለያየ ማሳከክ። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ድመትን ስለሚገድል እንዳንነካካት በጥብቅ ተነግሮን ነበር፤ የራሷን አመጣንላት። ከቁንጫው የሚበዛው፣ እንቁላሉና ትሉ፣ ያለው እንስሳው ላይ ሳይሆን ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ምንጣፉ ወጣ፣ ብርድ ልብሱ ተቀቀለ፣ የቡቺ ጆንያ ተቃጠለ። የእከክ ተባይም ከቆዳ ሲወርድ ቶሎ የሚሞተው በደረቅና በሞቃት ቤት ነው፤ እንደ እኛ ሰፈር ብርድና እርጥበት ካለ ዕድሜው ይረዝማል። ሳምንቱን ሙሉ ግቢያችን ልብስ አጣቢ የከፈተ ይመስል ነበር።

በታኅሣሥ የአያቴ ወገብ ሻረ። በጥር የቡቺ ሆድ ላይ እንደ ሐር የሳሳ ፀጉር በቀለ። አንድ ማታ ከባሕር ዛፉ በኩል ጅብ ሲጮህ ቡቺ ከተፈታ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደረቱ አጓራ። አያቴ ከእሳት ዳር ተነሥታ ወጣች፤ ተከተልኳት። ጎንበስ ብላ ጆሮውን ያዘች፤ ልክ ሐኪሙ እንዳደረገው ጠርዙን አጥፋ በሁለት ጣቷ ፈተገችው።

እግሩን ጠበቅን። አላነሣውም።