የመሳለሚያ ጡንቻ፣ ኩንታልና መርፌ

መሳለሚያ ለምን መሳለሚያ እንደተባለች ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ስሟ ራሱ ይናገራል። መንገደኛ ቆም ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከሩቅ ቤተክርስቲያን የሚሳለምበት ቦታ ማለት ነው። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ተጣብበው ዘንበል እያሉ የሚያማትቡ አይጠፉም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን መሳለሚያ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ኩንታል ነው። እህል በረንዳ!

ጣልያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 አገራችን ላይ በነበረበት ጊዜ የአራዳን ገበያ ወደዚህ ወደ ምዕራቡ አዞረው። መርካቶ የሚለው ስምም የሱው ነው። ኩንታልም፣ በረንዳም ከባሕር ማዶ የመጡ ቃላት ናቸው። ኩንታሉን የተሸከመው ጀርባ ግን የአገር ልጅ ጀርባ ነው። የጎጃም ጤፍ በሉት የአርሲ ስንዴ፣ ለስንት ዓመት ከአይሱዙ ላይ የወረደው በዚሁ ጀርባ ነው። ሁለት ሰዎች ያነሱና ያሸክሙታል። እሱ ባዶ ጆንያ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ጉልበቱን ለዘብ አድርጎ፣ በአጭር በአጭር እርምጃ ውልቅ ይላል። «መንገድ! መንገድ!» ከተባለ ዞር ማለት ነው፤ ክርክር የለም።

እዚህ ሥራ ያረጁ አንድ አባት «ጋሼ፣ ኪሎው ቆሞብዎት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው አልገባቸውም። «ኩንታል እኮ ኩንታል ነው ልጄ። ትናንትም 100፣ ነገም 100። የሚጨምረው ዕድሜ ነው» አሉኝ። ወገባቸውን ይዘው ነበር የሚያወሩኝ።

ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከገበያው ጀርባ ባለ ጭቃማ ቅያስ፣ የቆርቆሮ በር ያለው አንድ ጂም አለ። ስሙን አልጠራም፤ የባለቤቱንም እንደዚያው። ውስጡ ስትገቡ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ሲሚንቶ ነው። በወተት ዱቄት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ በውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ተሰክቶ ክብደት ሆኗል። ግድግዳው ላይ አባቶቻችን በቪዲዮ ቤት ዘመን ያመልኩት የነበረ የፊልም ጀግና፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ፖስተሩ በእርጅና ቢጫ ሆኖ ተለጥፏል። መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሆኖም ከእሱ ፊት ቦታ ለማግኘት ወረፋ አለ። እዚህ ቤት «ቆመብኝ» የሚለው ቃል በቀን ሃምሳ ጊዜ ይነገራል።

«ቆመብኝ» ማለት ምንድነው? አንድ የሱቅ ሠራተኛ ልጅ አለ፤ 23 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ደረቱ ላይ የሚገፋው ብረት ከ40 ኪሎ ወደ 80 ዘለለ። ከዚያ 90 ደረሰ። ከ90 በኋላ ግን አምስት ወር ሙሉ ንቅንቅ የለም። «አረጀሁ እንዴ?» ይላል ምስኪን። አላረጀም! የጀማሪ ዕድገት አብዛኛው የነርቭ ሥራ ነው። አንጎል ያለውን ጡንቻ አስተባብሮ ማዘዝ ይማራል፤ ብረቱን መግፋት እንደ ብስክሌት መንዳት የሚለመድ ጥበብ ነው። ያ ትምህርት ሲያልቅ እውነተኛ ሥጋ መገንባት ይመጣል። እሱ ደግሞ ቀስ ይላል፤ እንቅልፍና ምግብ ይጠይቃል።

እንቅልፍና ምግብ ስል እስቲ የልጁን ቀን ተመልከቱት። ከምሳ በኋላ በርጫ አለ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ማታም ዓይን አፍጥጦ ያሳድራል። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ተብሎ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ቢራ ይከተላል። በነጋታው ጠዋት ጂም ገብቶ ትናንት ያቃተውን 95 ኪሎ ይሞክራል። ከትናንት ወዲያም ሞክሮት ነበር! ሰውነቱ መቼ ይጠገን?

ጾምም አለ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ጾሙን ተዉ አላልኩም፤ ማንም እንደዚያ ብሎ እንዳይጽፍብኝ። ጥያቄው በምን እንደምትተኩት ነው። ጡንቻ የሚገነባ ሰው በኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን በቀን ቢያገኝ ይበቃዋል ይላሉ በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች። 70 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 112 ግራም ገደማ ማለት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሽምብራ 20 ገደማ። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ በሶ፣ ኦቾሎኒ… መሳለሚያ እህል ጠፍቶ ያውቃል እንዴ? ችግሩ የኛ ልጅ በጾም ወራት በአንድ በያይነቱና በሦስት ሻይ መዋሉ ነው።

እና «መርፌ ውሰድ» አሉት።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ነገሩ ጎላ ጎላ ያለው እዚህ ላይ ነውና። መርፌው ቴስቶስትሮን ነው። የወንድ የዘር ፍሬ በተፈጥሮ የሚያመርተው ሆርሞን። ላቦራቶሪ ውስጥ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የስዊዙ ሲባ ኩባንያ በ1958 ዲያናቦል የተባለውን ዘመዱን በኪኒን መልክ ገበያ ላይ አወጣ፤ ክብደት አንሺዎችም እንደ ከረሜላ ቃሙት። ምርመራው በኦሊምፒክ የተጀመረው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሲሆን (አገራችን ከአፍሪካ ወንድሞቿ ጋር ሆና ያልተሳተፈችበት ኦሊምፒክ)፣ ከተያዙት ውስጥ የሚበዙት ክብደት አንሺዎች ነበሩ። በ1988 ሴኡል ላይ መቶ ሜትሩን በ9.79 ሴኮንድ የበረረውን ካናዳዊ ደግሞ ማን ይረሳዋል? ወርቁ አንገቱ ላይ ሳይሞቅ ተወሰደበት።

«አይሠራም» ብዬ ብዋሻችሁ ሌላውንም ነገር አታምኑኝም። ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 43 ወንዶችን በአራት ቡድን ከፍለው 10 ሳምንት ተከታተሏቸው። መርፌውን እየወሰዱ ብረት ያነሱት ስብ ያልሆነ ክብደታቸው በአማካይ 6.1 ኪሎ ጨመረ፤ በደረት የሚገፉት ብረት 22 ኪሎ አደገ። መርፌውን ወስደው ምንም ያልሠሩት እንኳ 3 ኪሎ ገደማ ጨምረዋል። ባዶ መርፌ ተወግተው ብረት ካነሱት በለጡ ማለት ነው! ወሬው ጂም ለጂም የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ግን እነዚያ ሰዎች ምግባቸው የተመጠነ፣ ደማቸው በየጊዜው የሚመረመር፣ መድኃኒቱም ከየት እንደመጣ የታወቀ ነበር። ሙከራውም ለ10 ሳምንት ብቻ። መሳለሚያ ያለው ሌላ ልጅ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

ይህ ሁለተኛው ልጅ ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ። በመርፌ ከ90 ወደ 120 ኪሎ ወጣ። ጂሙ ሁሉ አጨበጨበለት፤ ሸሚዙ ጠበበው። ከዚያስ? 120 ላይ ቆመበት! እንደገና «ቆመብኝ»። በጣም የገረመኝ መፍትሔው ነው፤ መጠኑን እጥፍ አደረገው። መጠን እጥፍ ሲሆን ጡንቻው እጥፍ አይሆንም፤ ትርፉ እያነሰ፣ ዕዳው እየከበደ ይሄዳል። ደም ይወፍራል፤ የደም መርጋት ሥጋት ይመጣል። ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ያሽቆለቁላል። አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደማቸው የቆላ ሰው ደም ያህል ቀጭን እንደሆነ አሳይቶ የዓለምን ሳይንቲስቶች አስገርሞ ነበር። ፈጣሪ ያቀጠነውን ደም በመርፌ ማወፈር!

መርፌ እየወሰዱ ለምን ይቆማል? መጀመሪያ ያቆመው ነገር ስላልተነሳ ነዋ። በርጫው አለ፤ እንቅልፉ የለም፤ በየቀኑ መስታወት ፊት ትልቁን ኪሎ መሞከሩም አለ። መርፌው ጣሪያውን ትንሽ ከፍ አደረገው እንጂ ቤቱን አላደሰውም። ሌላው ጅማት ነው። ጡንቻ በሆርሞን ቶሎ ያብጣል፤ አጥንት ጋ የሚያያይዘው ጅማት ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚጠነክረው። ልጁ 130 ሊገፋ ሲል ብብቱ አጠገብ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክንዱ በአንድ ሌሊት ጥላሸት መሰለ። የደረቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር። አሁን የሚያነሳው ማኪያቶ ነው።

ስለ ሮቶ እናውራ። የውሃ ሮቶ ውስጥ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች አይደል? ውሃው ሲሞላ ኳሷ ከፍ ትልና ቧንቧውን ትዘጋዋለች። አንጎላችንም እንደዚያው ነው። ደም ውስጥ በቂ ሆርሞን ሲያይ ለዘር ፍሬ «በቃ፣ አቁም» ይላል። ከውጭ በቦቴ ስትሞሉት ኳሷ እንደተዘጋች ትቀራለች። ፋብሪካው ሥራ ይፈታል፤ ይቀንሳልም፣ በዓይን የሚታይ መቀነስ። ዘርም አብሮ ይጠፋል። ይህን እኔ የፈጠርኩት መስሏችሁ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ ሆርሞን በመርፌ ለወንዶች እየሰጠ የእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ የሞከረበትን ጥናት ውጤት አሳትሟል። የአብዛኞቹ ወንዶች ዘር ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። የጡንቻ መርፌ ብላችሁ የምትወጉት የወንድ መከላከያ ነው!

የማውቀው አንድ ባለትዳር አለ፤ ሰፊ ደረት፣ ጠባብ ወገብ። ሁለት ዓመት ልጅ አልመጣ አለ። ጣት የተቀሰረው ሚስቲቱ ላይ ነው፤ መቼስ የኛ ነገር። እማማ ጠበል ወሰዷት፣ አክስት መድኃኒት አመጡ፣ የሠፈር ሴት ተንሾካሾከ። እሷ ስታለቅስ እሱ ጂም ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም ሲመረመሩ የእሱ ዘር ቁጥር ዜሮ ሆኖ ተገኘ። መርፌ እንደሚወስድ ለሐኪሙ እስከዚያ ቀን አልተናገረም፤ ለሚስቱም።

ሌላ ግራ መጋባት አለ። «እስቴሮይድ» የሚባለው ቃል ሁለት የማይገናኙ ቤተሰቦችን ይጠራል። አንዱ የቴስቶስትሮን ወገን ነው። ሌላው ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው የዴክሳሜታዞን ወገን ነው። ርካሽ ስለሆነ «እስቴሮይድ ነው» ተብሎ ለማፈርጠም የሚውጠው አለ። ፊት ክብ ይሆናል፤ ሆድ ያብጣል፤ ሰውየው ወፈርኩ ብሎ ይደሰታል። እግርና ክንዱ ግን እየቀጠነ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ጡንቻ በሊታ ነውና። ከዚያም ብሶ ለረጅም ጊዜ ወስደውት በድንገት ቢያቆሙት ሰውነት የራሱን ማምረት ረስቶ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ሞትም አለበት። ይህን የሚወስድ ካለ ዛሬውኑ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያነጋግር።

ስለሚሸጠው ዕቃ ብዙ አልልም። በሻንጣ ተይዞ፣ ጂም በር ላይ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የሚሸጥ አምፑል ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። መርፌ መዋዋስ ደግሞ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን መዋዋስ ነው፤ ይህን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው ኖረናል። ለውድድር የምታስቡ ካላችሁ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 የፀረ-ዶፒንግ ሥራቸው ደካማ ነው ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ የኛዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል፤ ቴስቶስትሮን ተገኝቶባቸው የታገዱ አትሌቶችም አሉን።

«አሁን እየወሰድኩ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» ለሚለኝ። ሐኪም ዘንድ ሂድና ሳትደብቅ ተናገር። የደም ውፍረት፣ ኮሌስትሮል፣ ጉበት፣ የደም ግፊት ይታይልህ። የቴስቶስትሮን መጠን የሚለካው ጠዋት፣ ከአራት ሰዓት በፊት ነው። ስታቆም ወራት የሚቆይ ድካም፣ መከፋት፣ የወሲብ ፍላጎት ማጣት ሊመጣ ይችላል። ብዙዎች ወደ መርፌው የሚመለሱት በዚያ ሰሞን ነውና ብቻህን አትጋፈጠው። ዘሩ ለብዙዎች ይመለሳል፤ ለአንዳንዱ በወራት፣ ለሌላው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጥቂቶችን ግን አስቀርቷቸዋል። በእውነት ሆርሞኑ ያነሰው ሰውም አለ፤ ለሱ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ አለለት፤ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ወደ መጀመሪያው ልጅ እንመለስ፤ እሱ መርፌውን ገና አልወሰደም ነበር። የጂሙ ባለቤት ከሰባተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን የተማረ ነው። ልጁን በየቀኑ ትልቁን ኪሎ እንዳይሞክር ከለከለው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ደረት፤ ከአቅሙ ዝቅ ባለ ክብደት፣ ብዙ ዙር። በየአምስት ሳምንቱ አንድ ቀላል ሳምንት። በርጫ ቅዳሜ ብቻ (በዚህኛው ሳይጣሉ አልቀሩም)። እንቁላል በፍስክ፣ ባቄላና ምስር በጾም።

ትልቁ ችግር ሌላ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ትንሹ ክብደት ሁለት ተኩል ኪሎ ነው፤ በግራና ቀኝ ሲገባ 5 ኪሎ ይሆናል። 90 የሚገፋ ልጅ በአንዴ 95 ግፋ ሲባል ይቆምበታል እንጂ ምን ያድርግ? ሰውየው ምናለሽ ተራ ወረደ። አሮጌ ብረት አስቆርጦ፣ መሀሉን አስበስቶ፣ ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ አራት ክብ ብረቶች አሠራ። በእህል ሚዛን መዝኖ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈባቸው። ልጁ ባለፈው 97 ኪሎ ገፍቷል። የቀሩት ልጆች ትንንሾቹን ብረቶች «ሳንቲም» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ ባለቤቱ ግን ማታ ማታ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍባቸዋል።