በገጠር የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ስለ ምን ቀነሰ?

በዚህ የትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ስለ ብዙ ታላላቅ ነገር መጻፍ ሲቻል፣ እኔ የቤተሰቤን ልጆች ለመቁጠር መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን በቤታችን የተነሣው ጥያቄ የቤታችን ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ ያየሁትንና ያነበብሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

ወላጆቼ በደንቢያ በኩል የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ከሁለት የመንደሬ ልጆች ጋር አዘዞ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ቅዳሜ ወደ ቤት ሄጄ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። የታላቅ እኅቴ ሁለተኛ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣችበት ዕለት እኅቴ፣ ‹‹ከእንግዲህ ይበቃኛል፤ ሁለቱን ላሳድግ›› አለች። እምዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት አያታችን ይህን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ ‹‹ሁለት ልጅ ምን ልጅ ነው? አንዱ የታመመ እንደ ሆነ ሌላው ብቻውን ሊቀር ነውን? ልጅ እንደ ሆነ በዕድሉ ያድጋል›› ብለው ተቈጡ። እኅቴም አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እኔ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

እምዬ የወለዱት ዘጠኝ ነው፤ እናቴ አምስት፤ እኅቴ ሁለት። እንዲህ ያለው ለውጥ በእኛ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የተገመተው በአማካይ 5.9 ልጆች ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 3.7 ወርዷል፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር። የክልላችን ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ስለሆነ፣ ይህ ለውጥ የከተማ ሰው ብቻ ነው ሊባል አይቻልም።

እንግዲህ ምክንያቱ ምንድን ነው? እንደሚመስለኝ አንደኛው የሕፃናት ሞት መቀነሱ ነው። በ1992ቱ ጥናት በአገራችን በሕይወት ከተወለዱት 1000 ሕፃናት መካከል 97ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 48 ሆነዋል። በዚህ ረገድ ጎንደራችን የቆየ ድርሻ አላት፤ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚሄዱ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበው ክትባትንም የቤተሰብ ምጣኔንም እስከ ገበሬው ደጃፍ አድርሰዋል። በአገራችን ካገቡት ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 ሆኑ።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርትና የጋብቻ ዕድሜ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የክልላችን የ1995ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን 18 ዓመት ይላል። እናቴ የተዳረችው በ15 ዓመቷ ነው። እኔም ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሽማግሌዎች ወደ አባቴ መጥተው ነበር። አባቴ እሺ ሊል ሲቃረብ እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ‹‹እኔ ያላየሁትን እሷ ትይ›› ብላ ተከራከረችለት። ያን ቀን እናቴ ባትናገር ኖሮ ይህች ጽሑፍ ባልተጻፈች ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ግን የሚያስደስት አይደለም፤ እርሱም የመሬት ጥበት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ በክልላችን በብዙ ወረዳዎች የመጨረሻው ሰፊ ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ታላቅ ወንድሜ የተወለደው ከዚያ በኋላ ስለሆነ መሬት የለውም፤ አባቴም ያለውን ለአምስት ቢያካፍለው ለአንዱም በሬ የሚያዞር አይተርፍም። ወንድሜ ዛሬ 28 ዓመቱ ነው፤ በየዓመቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ይወርዳል። እምዬ፣ ‹‹ሚስት አግባ እንጂ›› ሲሉት፣ ‹‹በምን ላይ ላስቀምጣት?›› ብሎ ይመልስላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። የእኅቴ ይበቃኛል ማለትና የወንድሜ ሳያገቡ መቅረት በጥናቱ ወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቁጥሩን ይቀንሳሉ። ነገር ግን እኅቴ አስባ መረጠች፤ ወንድሜ ግን አጥቶ ቀረ። ስለዚህ የሚወለዱት ልጆች አነሱ ሲባል በሰማን ጊዜ፣ ወዲያው ሥልጣኔ ነው ብለን ከማጨብጨባችን በፊት፣ በፈቃድ ነው ወይስ በችግር ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ከዚህ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ይህንኑ ከደብተሬ ለእምዬ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ካደመጡኝ በኋላ፣ ‹‹በዚያ ወረቀት የሞተም ልጅ ይቆጠራል?›› ብለው ጠየቁኝ። የተወለደ ሁሉ እንደሚቆጠር ነገርኋቸው። እምዬ አራት ልጆች ቀብረዋል። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ‹‹እንግዲያስ እኔ የወለድሁት ዘጠኝ፣ ያሳደግሁት አምስት። እናትሽም የወለደችው አምስት፣ ያሳደገችው አምስት። እኩል ነን›› አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኅቴን ስለ ሦስተኛ ልጅ አልተናገሯትም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ እኔ ነገ ስንት ልጅ እንደምወልድ ዛሬ አላውቅም። የምመኘው ግን ቁጥሩ ብዙም ቢሆን ጥቂት፣ እንደ እምዬ ሞትን በመፍራት፣ እንደ ወንድሜም መሬት በማጣት ሳይሆን፣ እንደ እኅቴ ራሴ አስቤ የቆረጥሁት እንዲሆን ነው። ለእናንተም ይህንኑ እመኛለሁ።